እምቢ ያለው አምፕሊፋየርና የቸኮለው ፍርዳችን

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ የተናገሩት ለሽማግሌዎች ሸንጎ ብቻ አይደለም። ምክሩ በሽቦ፣ በፊውዝና በባትሪ ለሚሠራ ሰውም እኩል ያገለግላል። በሰፈራችን የደረሰ አንድ ትንሽ የሚመስል ብልሽት ይህን እውነት በሚገባ አስተምሮናል። ታሪኩ የራሳችንን ስሕተት የሚገልጥ ቢሆንም፣ ትምህርቱን ደብቀን ከምናስቀረው ለሠራዊታችን አባላትና ለቤተሰቦቻቸው ማካፈሉ የተሻለ ነው ብለን ስላመንን እነሆ አቅርበነዋል።

በሰፈራችን ለጥሪና ለማስታወቂያ የምታገለግል አንዲት ፒክ አፕ መኪና አለች። በጋቢናዋ ጣሪያ ላይ ቀንድ የመሰሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ተተክለውላታል፤ በጭነት ማስቀመጫዋ ላይ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ደግሞ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የመኪና አምፕሊፋየር ተቀምጧል። የውሃ መቋረጥ፣ የሬሽን እደላ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሐዘንና የደስታ ጥሪ ሁሉ የሚነገረው በእርሷ ነው። የሰፈሩ እናቶች «ለፍላፊዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

ነገሩ የተከሰተው በሕፃናት የፖሊዮ ክትባት ዋዜማ ነበር። የጤና ባለሙያዎቹ በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ተነግሮናል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የመኪናዋ ኃላፊ የሆነው አሥር አለቃ ማስታወቂያውን ለማሰማት ማብሪያውን ሲጫን፣ የአምፕሊፋየሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀይዋ በራች። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴዋ እንደገና ብልጭ አለች፤ እንደገናም ጠፋች።

«ጓድ ሻምበል፣ ምክንያቱን ሳናውቅ ባንደጋግመው ይሻላል» አለን አሥር አለቃው። እኛ ግን ሰዓታችንን እያየን፣ «ሞክር፤ ሲደጋገም ይነሣል» አልነው። ለአሥረኛ ጊዜ ገደማ ሲሞከር ፊውዙ ተቃጠለ። መለዋወጫው ተተካ፤ እርሱም ወዲያው ተቃጠለ። ሦስተኛ ፊውዝ ስላልነበረ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብልጭልጩን ወረቀት አውጥተን፣ ጠቅልለን፣ በፊውዙ ቦታ እንዲገባ አዘዝን። በዚህ ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ጭስ ወጣ።

ከዚያም በተሰለፉት ጓዶች ፊት ቆመን «ይህ የቸልተኝነት ውጤት ነው» ስንል አሥር አለቃውን ወቀስነው። በዚያው ሌሊትም የአምፕሊፋየሩ ዋጋ ከደመወዙ እንዲቆረጥ የሚጠይቅ ሪፖርት ጻፍን። አሥር አለቃው የሦስት ወር ሕፃን አባት ነው። ሰላምታ ሰጥቶ ከመሄድ በቀር አንዲት ቃል አልተናገረም።

ክትባቱ አልተስተጓጎለም። ያላስተጓጎሉት ግን እኛ ሳንሆን የሰፈሩ እናቶች ናቸው። ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ በር እያንኳኩ ጥሪውን አዳረሱ። ከእነርሱም መካከል ልጇን ያዘለችው የአሥር አለቃው ባለቤት ነበረች።

አንድም ቁጥር የሌለበት ሪፖርት

ሪፖርቱ ወደ በላይ ከመላኩ በፊት ለቴክኒክ አስተያየት ወደ ወርክሾፑ መሄድ ነበረበት። የወርክሾፑ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ ሻለቃ ባሻ ናቸው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው ከጨረሱ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁና «ጓድ ሻምበል፣ ይህ ሪፖርት ምን ተለክቶ ነው የተጻፈው? አንድም ቁጥር አላየሁበትም» አሉን።

መልስ አልነበረንም። በአካዳሚ ሳለን የኦምን ሕግ ተምረናል፤ በፈተናም አልፈናል። ነገር ግን ሕጉ በሚያስፈልግበት ሰዓት መለኪያ አላነሣንም፤ ያነሣነው ድምፃችንን ነበር። ሻለቃ ባሻው አሥር አለቃውን አስጠሩ፤ ሦስታችንም ወደ መኪናዋ ሄድን። ከዚያ በኋላ የተማርነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ማሽን

ብዙ ሰው የመኪና አምፕሊፋየር ድምፅን ብቻ የሚያጎላ ዕቃ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ማሽኖች አሉ። አንደኛው ድምፁን ያጎላል። ሁለተኛው ደግሞ ኃይል አቅራቢው ክፍል ሲሆን፣ ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ መለወጥ ነው። «አምፕሊፋየሩ አልነሣም አለ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ያልተነሣው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ይህ ክፍል ለምን አስፈለገ? ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 4 ኦም ድምፅ ማጉያ ከ12 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢነዳ፣ በድልድይ አሠራር እንኳ የሚያገኘው ንጹሕ ድምፅ ቢበዛ 18 ዋት ያህል ነው። ይህ ለጋቢና ይበቃል፤ ለሰፈር ግን አይበቃም። ቮልቴጁ ወደ ፖዘቲቭ 30 እና ወደ ኔጋቲቭ 30 ሲያድግ ያው ድምፅ ማጉያ በስሌት እስከ 112 ዋት ድረስ ሊያገኝ ይችላል።

ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በአንድ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ በአጠገቡ ባለው ጥቅል ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው ሲለዋወጥ ብቻ ነው። የባትሪ ኤሌክትሪክ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ያለ ለውጥ የሚፈስ ስለሆነ በትራንስፎርመር ሊጎላ አይችልም። በመሆኑም ኃይል አቅራቢው ክፍል አስቀድሞ ኤሌክትሪኩን ይቆራርጠዋል። ሞስፌት የተባሉ ትራንዚስተሮች በሁለት ቡድን ተከፍለው በየተራ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ይህም በአንድ ሰከንድ ውስጥ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ ይፈጸማል። የተቆራረጠው ኤሌክትሪክ በቀለበት ቅርጽ በተጠቀለለው ትራንስፎርመር ያልፋል፤ በዳዮዶች ተቃንቶም በትላልቅ ካፓሲተሮች ውስጥ ይጠራቀማል።

ለሞስፌቶቹ «አንተ ክፈት፣ አንተ ዝጋ» እያለ ትእዛዝ የሚሰጠው አንዲት ትንሽ ቺፕ ነው። በብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የሚገኘው ቲ ኤል 494 የተባለው ባለ 16 እግር ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ሥራውን በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል አይጀምርም። ባዶዎቹ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዳይስቡ በመጀመሪያ ለአጭር አጭር ጊዜ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እየጨመረ ያስከፍታል። ከተነሣም በኋላ ጥበቃ ላይ ይቆማል። ቮልቴጁ ከመጠን በታች ሲወርድ፣ ሙቀት ሲበዛ ወይም የድምፅ ማጉያው ሽቦ ሲነካካ የጥበቃው ክፍል ቺፑን ያስቆመዋል፤ ቀይዋም መብራት ትበራለች።

ሻለቃ ባሻው ይህን ሲያስረዱን «ቀይዋ መብራት በር ላይ የቆመ ዘብ ናት» አሉ። «ዘብ ሲያስቆምህ ጥሰኸው አታልፍም፤ ለምን እንዳስቆመህ ትጠይቀዋለህ።»

ከሣጥኑ በፊት ውጪውን

ማንኛውም የመኪና አምፕሊፋየር እንዲነሣ ሦስት ሽቦዎች ያስፈልጉታል። አንደኛው ከባትሪው በፊውዝ በኩል በቀጥታ የሚመጣው ወፍራም የፖዘቲቭ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ወፍራም የኔጋቲቭ፣ በተለምዶ የመሬት ሽቦ የምንለው ነው። ሦስተኛው ከሬዲዮው ወይም ከማብሪያው የሚመጣው ቀጭን የማስነሻ ሽቦ ሲሆን፣ 12 ቮልት ሲደርሰው «ተነሥ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሣጥኑ ምንም ጤነኛ ቢሆን አይነሣም።

መብራት ጭራሽ ከሌለ መለኪያውን በአምፕሊፋየሩ ማሰሪያዎች ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። በፖዘቲቩና በመሬቱ መካከል የባትሪው ቮልቴጅ መታየት አለበት። ከማስነሻ ሽቦውና ከመሬቱ መካከልም ማብሪያው ሲበራ ያው ቮልቴጅ መታየት ይኖርበታል። ፊውዝ በዓይን ብቻ አይመረመርም፤ ደኅና መስሎ ውስጡ የተቆረጠ ስለሚኖር በመለኪያ መረጋገጥ አለበት።

ቀይ መብራት ከበራ ደግሞ ማብሪያው ይጥፋና የድምፅ ማጉያዎቹ ሽቦዎች በሙሉ ይነቀሉ። ከዚያ በኋላ ሲነሣ አረንጓዴው መብራት ከጸና፣ ችግሩ ከሣጥኑ ውጪ፣ በተላላጠ ሽቦ ወይም በተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው ማለት ነው። የማይክሮፎኑና የቴፑ ገመድም እንዲሁ በየተራ ይነቀላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የዚህ ሥራ ዋነኛ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

እንደ እኛው መኪና መብራቱ ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ግን ይበልጥ የሚያታልል ነገር አለ። አሥር አለቃው ባትሪውን ሲለካ 12.5 ቮልት አገኘ። በሣጥኑ ዘንድ ባሉት ሽቦዎች ጫፍ ሲለካም ያው 12.5 ነበር። እኛ «እንግዲህ ሽቦው ደኅና ነው» አልን። ሻለቃ ባሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባዶ እጁን የቆመ ሰው ሁሉ ብርቱ ይመስላል፤ አሸክመውና እየው» አሉ።

ከመለዋወጫ ዕቃ መካከል ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል አምጥተው በአምፕሊፋየሩ ፈንታ በሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ ላይ አሰሩት። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። በዚህ ጊዜ በጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ 10.4 ሆኖ ተገኘ። ባትሪው ግን አሁንም 12.5 ነው። 2.1 ቮልት በመንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። በየክፍሉ ሲለካ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ የጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ሆነ። የቀረው 2 ቮልት በሙሉ የጠፋው የመሬቱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር በታሰረበት አንድ ብሎን ላይ ነበር።

እዚህ ላይ የኦም ሕግ ይመጣል። አምፖሉ በዚያ ጊዜ የሚስበው ከ4 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ነው። 2 ቮልት ለ4 አምፔር ሲካፈል ግማሽ ኦም ይሆናል። ግማሽ ኦም ምንም የማይመስል ቁጥር ነው። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ 100 ዋት ድምፅ ለመስጠት ከባትሪው 16 አምፔር ያህል ሊጠይቅ ይችላል፤ ካፓሲተሮቹን በሚሞላበት በመነሻው ቅጽበትም ብዙ ይፈልጋል። 16 አምፔር በግማሽ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 8 ቮልት ይበላል። ከ12.5 ላይ 8 ሲቀነስ የሚቀረው ለማንም አይበቃም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሊነሣ ይሞክራል፤ ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ ጥበቃው ያስቆመዋል። ሲቆም መሳቡን ስለሚተው ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ስለዚህ እንደገና ይሞክራል። የመብራቷ ብልጭታ ትርጉሙ ይህ ነበር።

የቀለሙ ምስጢር

ብሎኑ ሲፈታ ከሽቦው ጫፍ ሥር ወፍራም የአረንጓዴ ቀለም ንጣፍ ተገኘ፤ ዳር ዳሩንም ዝገት በልቶታል። ከጥቂት ወራት በፊት መኪናዋ ለጉብኝት እንድታምር ቀለም ተቀብታለች። ቀቢው ሽቦውን ፈትቶ፣ ብረቱን ቀብቶ፣ በቀለሙ ላይ መልሶ አስሮት ነበር። ኤሌክትሪኩ ያልፍ የነበረው ብሎኑ በሚነካት አንዲት ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። መኪናዋ በሁለት ቀን ውስጥ ቀለም ተቀብታ እንድትወጣ ያዘዝነው ማን ነበር? እኛው ነን።

አሥር አለቃው ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱን አበራው፤ ሽቦውን አጥብቆ ካሰረ በኋላ ዝገት እንዳይመለስ በላዩ ላይ ግሪስ ቀባው። አምፖሉ ተመልሶ ሲታሰር ቦግ ብሎ በራ። በብሎኑ ላይ የሚጠፋውም ከ0.1 ቮልት በታች ሆነ።

በዚህ መካከል የአሥር አለቃው ባለቤት ለባሏ ምሳ ይዛ መጣች። ስለ ምን እንደምንነጋገር ስትሰማ፣ «እኛማ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እናውቃለን። ለፍላፊዋ በውሃ ታንከሩ በኩል ባለው ጉድጓድ ስትንገጫገጭ ድምፁ ይቋረጥና ይመለስ ነበር» አለች።

«ታዲያ እህታችን፣ ለምን አልነገሩንም?» አልናት።

«ማን ጠየቀን፣ ጓድ ሻምበል?» አለች።

በንቅናቄ የሚቋረጥና የሚመለስ ድምፅ የላላ ወይም የዛገ ግንኙነት ምልክት መሆኑን ማንኛውም ባለሙያ ያውቃል። ምስክሩ በየቤቱ ነበር፤ ጠያቂው ግን አልተገኘም።

ፊውዝ የሚናገረው

የመሬቱ ሽቦ ቢስተካከልም አምፕሊፋየሩ ገና በሽተኛ ነበር። የመጀመሪያውን ብልሽት ያመጣው ብሎኑ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ያመጣነው እኛ ነን። ሻለቃ ባሻው እንደገመቱት፣ በወረደ ቮልቴጅ ደጋግሞ እንዲነሣ ሲገደድ ሞስፌቶቹ በሚገባ ሳይከፈቱ ግማሽ ተከፍተው ስለቆዩ ግለው ተቃጥለዋል። ፊውዙ የተቃጠለው ይህን ሊነግረን ነበር።

ፊውዝ የሚቃጠልበት ጊዜ ራሱ ቋንቋ አለው። ማስነሻ ሽቦው ሳይነካ፣ ፖዘቲቩ ገና እንደታሰረ የሚቃጠል ከሆነ ሁለት ነገሮች ይጠረጠራሉ፤ ወይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተለዋውጠዋል፣ ወይም ሞስፌቶቹ ተቃጥለው ኤሌክትሪኩን ያለ ትእዛዝ እያሳለፉ ነው። የማስነሻው ትእዛዝ ሲሰጥ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ከትራንስፎርመሩ በኋላ ወዳሉት ዳዮዶችና ወደ ድምፅ አጉዪዎቹ ትራንዚስተሮች ያዘነብላል።

ፊውዙ 30 አምፔር ከተባለ 30 አምፔር ነው። በ40 መተካት፣ በሽቦ ወይም በብልጭልጭ ወረቀት ማገናኘት ዘቡን ገድሎ በሩን ክፍት እንደ መተው ይቆጠራል። በእኛው አምፕሊፋየር ላይ ይህ ድርጊት በሁለት ሞስፌቶች የጀመረውን ጉዳት ወደ አራት አሳድጎ፣ የመዳብ መንገዱንም አቃጥሎታል። የመኪናዋ ገመድ ግሎ እሳት ቢነሣ ኖሮ ጉዳቱ ከአምፕሊፋየር ባለፈ ነበር። ከባትሪው የሚነሣው ሽቦም በባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ሽቦው በመንገድ ላይ ተላጦ ብረት ቢነካ የሚያድነው እርሱ ነውና።

አምፖል እንደ ሞካሪ

የተጠረጠረን አምፕሊፋየር ያለ ተጨማሪ ጉዳት ለመሞከር የሚያገለግል ርካሽ ዘዴ አለ። ፊውዙን አውጥቶ በቦታው ባለ 12 ቮልት አምፖል ማስገባት ነው። ባለ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ከ1.75 አምፔር ገደማ በላይ አያሳልፍም፤ ባለ 55 ዋቱ ደግሞ ከ4.6 አምፔር ገደማ አይበልጥም። ስለዚህ በውስጥ ተቃጥሎ የተገናኘ ነገር ቢኖር አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ሌላ ጉዳት አይደርስም። አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከደበዘዘ ግን ካፓሲተሮቹ ተሞልተዋል፣ ሣጥኑም ለመነሣት ተዘጋጅቷል ማለት ነው። በዚህ ሙከራ ጊዜ ድምፅ ማጉያ አይገናኝም፤ ሙዚቃም አይከፈትም።

ሣጥኑ ሲከፈት

ይህ ክፍል ለባለሙያዎች ነው። ክዳኑ ከመነሣቱ በፊት ባትሪው ይለያያል። በካፓሲተሮቹ ላይ የቀረው ቮልቴጅ ሊያደነግጥና ሊያቃጥል ስለሚችል 100 ኦም ገደማ በሆነ ወፍራም ሬዚስተር ይራገፋል፤ ባዶ መሆኑም በመለኪያ ይረጋገጣል። ጠመንጃ መፍታት የሚጀመረው ጥይት አለመኖሩን በማረጋገጥ እንደሆነ ሁሉ ነው።

ቺፑ ሲመረመር ሦስት እግሮች ብዙ ይናገራሉ። ማስነሻው ሲበራ በ12ኛው እግር ላይ የባትሪው ቮልቴጅ ወይም ወደ እርሱ የቀረበ መታየት አለበት። በ14ኛው እግር ላይ 5 ቮልት መኖር አለበት፤ 12ኛው ደኅና ሆኖ ይህ ከጠፋ ቺፑ ራሱ ይጠረጠራል። 4ኛው እግር ደግሞ ልጓሙ ነው። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቺፑ ይሠራል፤ ከ3 ቮልት በላይ ሲሆን ይቆማል። 5 ቮልቱ ኖሮ 4ኛው እግር ከፍ ብሎ ከተገኘ ቺፑ አልሞተም፤ ጥበቃው አስቁሞታል። ያን ጊዜ ቺፑን መለወጥ ከንቱ ድካም ነው፤ መፈለግ የሚገባው የጥበቃው ምክንያት ነው።

የተቃጠሉ ሞስፌቶች ሲለወጡ በአንድ ቡድን ያሉት ሁሉ በአንድ ዓይነት መለወጥ አለባቸው፤ ከሞተው ጎን የቆመው ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና። ትእዛዙን የሚያደርሱላቸው ትናንሽ ሬዚስተሮችም አብረው ይለካሉ። ከሥራቸው ያለው መከለያ ሳይቀደድ መመለሱ፣ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋርም ተጣብቀው መታሰራቸው ይረጋገጣል። ሳይታሰሩ ለመሞከር የቸኮለ ሰው አዲሶቹንም ያቃጥላል።

በተጨማሪም የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎቻችን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ብዙ ወታደራዊ ካሚዮኖች በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩባቸው ናቸው። የ12 ቮልት አምፕሊፋየር በ24 ላይ ማሰር ማጥፋት ነው። «ከአንደኛው ባትሪ ብቻ እንውሰድ» የሚለውም ብልሃት አይደለም። አንዱ ባትሪ እየደከመ ሌላው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ካሚዮኑም በሚፈለግበት ሰዓት አይነሣም። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ተስማሚ መለወጫ መጠቀም ነው።

የቤተሰብ ማዕዘን

የመኪና አምፕሊፋየር በየቤቱም እየገባ ነው። ለልደት፣ ለሠርግና ለክርስትና ድግስ ከመኪና ተፈትቶ በቤት ይታሰራል። እህቶቻችን «በቤት ሲሆን እምቢ ይላል» እያሉ ይጠይቁናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የኃይል ማነስ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 5 አምፔር የግድግዳ አዳፕተር የሚሰጠው 60 ዋት ብቻ ሲሆን፣ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያለው አምፕሊፋየር እስከ 360 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። «12 ቮልት» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ የአምፔሩም ቁጥር መነበብ አለበት። በአነስተኛ አዳፕተር የታሰረው አምፕሊፋየር እንደ እኛው መኪና ብልጭ፣ ጥፍት ይላል። ይህን ሲያዩ ደጋግመው አይሞክሩት፤ ይንቀሉት።

በባትሪ የሚጠቀሙ ከሆነም ባትሪው በመኝታ ክፍል አይሞላ። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ነፋሻ ቦታ፣ ከምድጃና ከከሰል የራቀ ሥፍራ ያስፈልገዋል። ውሃው አሲድ ነው፤ ልብስን ብቻ ሳይሆን የሕፃናትን ዓይንም ያጠፋል። የተከፈተ አምፕሊፋየርም ከባትሪ ተለያይቶ ሳለ እንኳ የልጆች መጫወቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያዩትንና የሰሙትን ይናገሩ። «ድምፁ መቼ ተቋረጠ? ምን ሲነካ? ሽታ ነበረው?» የሚሉት ጥያቄዎች ከመለኪያ እኩል ዋጋ አላቸው፤ መልሳቸውም ብዙ ጊዜ ያለው በቤት ውስጥ ነው።

ግለ ሂስ

ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ። አራት ሞስፌቶች ተለወጡ፤ የተቃጠለው የመዳብ መንገድ በሽቦ ተተካ። አሥር አለቃው በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋቱን አምፖል አስገብቶ ማብሪያውን ተጫነ። አምፖሉ በርቶ ደበዘዘ። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ጸናችም። ከዚያ በኋላ ነበር ትክክለኛው ባለ 30 አምፔር ፊውዝ የገባው።

ሪፖርቱን ቀደድነው። በምትኩ የጻፍነው ቁጥሮች ያሉበት ነው፤ በባትሪው 12.5፣ በሣጥኑ 10.4፣ በብሎኑ 2። በመጨረሻውም መስመር ቀለሙ እንዲቸኩል ያዘዘ፣ ደጋግሞ መሞከርን ያዘዘ፣ ፊውዙንም በብልጭልጭ ወረቀት ያስተካ እኛው መሆናችንን አሰፈርን። ሆኖም የወቀስነው በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ስለነበረ በወረቀት መመለሱ አልበቃም። በማግሥቱ በዚያው ሥፍራ፣ በተሰለፉት በእነዚያው ጓዶች ፊት ቆመን «አሥር አለቃው አስጠንቅቆን ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ነን» አልን። ቃሉ ከአፋችን ሲወጣ ከብዶን ነበር። ከተናገርነው በኋላ ግን ሰልፉም፣ እኛም ቀለል ብሎናል።

ሥልጣን ያለው ሰው ሲቸኩል የሚቃጠለው ፊውዝ ብቻ አይደለም። የአንድ ታማኝ ወታደር ስም፣ የአንዲት ሕፃን የወተት ገንዘብ፣ የአንድ ሰፈር እምነት አብሮ ይቃጠላል። በመሆኑም የሠራዊታችን አባላት ሆይ፣ መሣሪያ እምቢ ሲል ከመጮህ በፊት እንለካ፤ ከመቅጣት በፊት እንጠይቅ፤ ከሣጥኑ በፊት ሽቦውን፣ ከሽቦውም በፊት የታሰረበትን ብሎን እንይ።

የክትባቱ ቀጣይ ዙር ሲደርስ ለፍላፊዋ በሰዓቷ ወጣች። በዚያ ቀን ማይክሮፎኑን የያዘችው የአሥር አለቃው ባለቤት ነበረች። በውሃ ታንከሩ በኩል ባለው ጉድጓድ ስታልፍ መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ ድምፁ ግን አልተቋረጠም።